የገንደ ሚስማር የጥላ መንገድ

በሁለት ሺህ ስድሳ ሰባት ዓመተ ምሕረት፣ ድሬዳዋ ውስጥ ገንደ ሚስማር በሚባለው ሰፈር ቀን የሚጀምረው ጎህ ሳይቀድ ነበር። ፀሐይ ጋራው ጫፍ ላይ ብቅ ስትል ልጆች ሁለተኛውን ክፍለ ጊዜ ጨርሰዋል፤ ወፍጮ ቤቱ ፈጭቷል፤ ሥጋ ቤቱ ሸጦ ዘግቷል። ሦስት ሰዓት ተኩል ላይ በመስጊዱ ሚናራና በቤተ ክርስቲያኑ ጉልላት ላይ ቀይ መብራት ይበራል። ያን ጊዜ ባጃጆች ባሉበት ይቆማሉ፤ በዚያ ሙቀት የሄደ ባትሪ ይቃጠላልና። ፍየሎቹ እንኳ ሰዓቱን ለምደው፣ ማንም ሳይነዳቸው፣ ተራ በተራ ወደየበረታቸው ይገባሉ። ከዚያ እስከ አመሻሹ ያለው ጊዜ «ዝግ ሰዓት» ይባላል። በዝግ ሰዓት ፀሐይ ላይ የሚወጣ ሰው የለም። ከወጣም ግድ ሆኖበት ነው።

ሰው ሁሉ እጁ ላይ አምባር ያስራል። የሰውነቱ ሙቀት ከልክ ሲያልፍ አምባሩ ይጮሃል። የሰፈሩ ሕፃናት አፍ ሲፈቱ ከሚኮርጇቸው ድምፆች አንዱ ይሄ ጩኸት ነበር፤ እናቶች መጀመሪያ ይስቃሉ፣ ቀጥሎ ዝም ይላሉ።

የሰፈሩ ችግር ጤና ጣቢያው ነበር። ጤና ጣቢያው ያለው ከሜዳው ማዶ ነው። ሜዳው ዛፍ የለበትም፤ የተተከለው ሁሉ ደርቋል። ባለፈው ግንቦት በዝግ ሰዓት ሜዳውን ሊያቋርጡ የወጡ ሰዎች መሃል ላይ ወድቀው ቀርተዋል። ከነሱ አንዷ ኢክራም ነበረች፤ የጋሽ ሸምሱ ሚስት። የባሏ የደም ግፊት ኪኒን አልቆ፣ እሱ እንቅልፍ ላይ ሳለ፣ «ቶሎ እመለሳለሁ» ብላ ለጎረቤት ተናግራ ነው የወጣችው።

በዚያ ዓመት ከተማው ለየሰፈሩ ምክር ቤት ሸራ፣ ምሰሶና የጉም ቧንቧ መድቦ፣ እቅዱን ራሳችሁ አውጡ ብሎ ነበር። አንዳንዱ ሰፈር አደባባዩን ሸፈነ፤ አንዳንዱ ምድር ቤት ቆፈረ። የገንደ ሚስማር ምክር ቤት ግን ሌላ አሰበ። ሜዳውን ለመሸፈን ሸራው አይበቃም፤ ቢበቃም ንፋሱ አይምረውም። ነገር ግን ከመስጊዱ ተነስቶ በሜዳው ዳር ዞሮ እስከ ጤና ጣቢያው፣ ከዚያም እስከ መጋላ ገበያ ድረስ ቤቶች ግንብ ለግንብ ተያይዘው ቆመዋል። ሰው በየግቢው መሃል እንዲያልፍ ግንቦቹን መብሳት፣ ከጣሪያ ጣሪያ ሸራ መወጠር፣ ከሸራው ሥር ጉም የሚረጭ ቧንቧ መዘርጋት። እቅዱ ይሄው ነበር። ከዳር እስከ ዳር ፀሐይ ሳይነካህ ትሄዳለህ፤ ግን የምትሄደው በሰው ጓሮ ነው።

እቅዱን የነደፈው ናሆም የሚባል ወጣት መሐንዲስ ነው። ሰዉን ያሳመነችው ግን የምክር ቤቱ ሰብሳቢ ረውዳ አህመድኑር ናት። ረውዳ ሃያ ዓመት መጋላ ውስጥ ጨርቅ ስትሸጥ የኖረች ሴት ናት፤ ሊገዛ ያልመጣን ሰው አስገዝቶ የመመለስ ችሎታዋን ይዛ ነው ምክር ቤት የገባችው። በየቤቱ ዞረች። አንዱ፣ «የሚያልፍ ሰው ሰላም ይበለኝ እንጂ ይለፍ» አላት። አንዷ፣ «የተሰጣ ልብሴን እያየ አስተያየት የሚሰጥ እንዳይኖር» አለች። ሌላው አዲስ የተጋባ ነበርና ለሁለት ሳምንት ብቻ እንዲታገሱት ለመነ። ታገሱት። ሁሉም ፈቀደ።

ወለላ ታፈረ ብቻ አልፈቀደችም።

ይህ ሰፈሩን ግራ አጋባ፤ ምክንያቱም ለመንገዱ ሸራውን የምትሰፋው ራሷ ወለላ ነበረች። አርባ ስድስት ዓመቷ ነው፤ ቀጭን፣ ፈጣን፣ ዘመድ የማይጠይቃት። ብቻዋን ነው የምትኖረው ይባላል። የተሰፋውን ሸራ በሯ ላይ ታስረክባለች፤ ማንንም ወደ ውስጥ አታስገባም። ከግቢዋ አንዳንዴ የወንድ ድምፅ ይሰማል፤ ጎረቤት «ሬዲዮ ትወዳለች» ይላል። ግቢዋ በናሆም ንድፍ ላይ ልክ መስመሩ መሃል ነበር። እሱ ካልተከፈተ መንገዱ ጤና ጣቢያው አጠገብ ደርሶ ይቆማል።

ረውዳ አንድ ማለዳ የተቀደደ ሸራ በትከሻዋ ጥላ የወለላን በር አንኳኳች።

«ይሄን ትጠግኚልኛለሽ ብዬ ነው» አለች።

ወለላ ሸራውን ገልጣ አየችው። «ይሄ በመቀስ ነው የተቀደደው።»

«አቦ! እንዴት አወቅሽ?» ረውዳ ከልቧ ሳቀች። ሳቋ ትልቅ ነው፤ መንገድ ማዶ ይሰማል።

ከውስጥ ሲያነብ የነበረ የወንድ ድምፅ ቀጥ አለ።

ሬዲዮ ሰው ሲስቅ አይቆምም። ረውዳ ይህን አሰበች፤ ወለላም ይህን ማሰቧን አየች።

«ግቢ» አለች ወለላ በመጨረሻ። «ቀስ ብለሽ። እስከዚህ ክፍል ብቻ።»

የስፌት መኪናው አጠገብ ባለው በርጩማ ላይ አስቀመጠቻት። ከመጋረጃው ጀርባ ያለው ሰው ወንድሟ ክንፈ እንደሆነ ነገረቻት። ክንፈ አሥራ ዘጠኝ ዓመት ሲሞላው ታመመ። ሰው ሁሉ እሱን ብቻ የሚያይ ይመስለው ጀመር። አንድ ቀን ገበያ መሃል ጮኾ አንዱን ሻጭ ገፈተረ፤ ሰዉ ሌባ መስሎት ተረባርቦ ደበደበው። ከዚያ ወዲህ መድኃኒቱ ብዙ ነገር አረጋግቶለታል። ያነባል፣ ያበስላል፣ የሸራውን ጠርዝ የሚያጥፍላት እሱ ነው። የሰው ዓይን ግን አይችልም። ይህን ቤት የገዛችው የግንቡን ከፍታ አይታ ነው።

«ግቢው ውስጥ ነው የሚውለው» አለች ወለላ። «ሰማይ የሚያየው እዚያ ነው። በቀን መቶ ሰው በዚያ ካለፈ፣ ክንፈ ዕድሜ ልኩን አልጋ ሥር ሊገባ ነው።»

«ለምን ቀድመሽ አልነገርሽንም?»

«ለማን? ብነግርሽ ነገ ሰፈሩ ሁሉ 'እብድ ደብቃለች' ይላል። ልጆች ግንቡ ላይ ይንጠለጠላሉ።» ወለላ መርፌዋን ከጨርቁ ነቅላ መልሳ ሰካችው። «ረውዳ፣ ሸራውን በነፃ ልስፋላችሁ። ግንቡን ተዉልኝ።»

ረውዳ ብዙ አላወራችም። ሊታመን በማይችል ሁኔታ፣ ምንም ለማሳመን አልሞከረችም። ስትወጣ አንድ ጥያቄ ብቻ ጠየቀች።

«የሰፈራችን አዳራሽ ጓሮ ከግንብሽ ጀርባ ነው። በዚያ በኩል ሰው ቢበዛ፣ ክንፈ ድምፅስ ይችላል?»

«ድምፅ ይችላል» አለች ወለላ። «የማይችለው ዓይን ነው።»

ምክር ቤቱ በሳምንቱ ተሰበሰበ። አዳራሹ የገንደ ሚስማር ኩራት ነበር፤ ሰፈሩ ተባብሮ ያሠራው፣ ሠርጉም ለቅሶውም የሚካሄድበት፣ በዝግ ሰዓት ቅዝቃዜ የሚይዝ ብቸኛ ቤት። ረውዳ ብድግ ብላ፣ መንገዱ በወለላ ግቢ እንደማያልፍ፣ በአዳራሹ ውስጥ እንዲያልፍ እንደምትጠይቅ ተናገረች። የአዳራሹ ሁለት ግንቦች ይፈርሳሉ ማለት ነው። ቅዝቃዜ የሚባል ነገር ከዚያ ወዲያ አይኖርም።

«ለምን?» አለ ናሆም።

«ምክንያቱን አልናገርም።»

«ኧረ አቦ ረውዳ! ግንቦት ደርሷል። ሰው የሚሞትበት ነገር እኮ ነው። ሕጉ ሕይወት ለማዳን የግል ግንብ መክፈት ትችላላችሁ ይላል።»

«ትችላላችሁ ይላል። አድርጉ አይልም።»

«ታዲያ ለአንዲት ሴትዮ ግንብ ብለን የሁላችንን አዳራሽ እናፍርስ? ሰዉ ሲጠይቀን ምን እንበል?»

«ረውዳ ናት ያለችው በሉ።»

ጉምጉምታ ተነሣ። አንዱ አባል ሰብሳቢዋ ከወለላ ጋር ምን እንዳላት ጠየቀ፤ ሌላው ስብሰባው ይበተን አለ። ረውዳ ቆማ ሰማች። ከዚያ ቀስ በቀስ የሁሉም ዓይን ወደ ጋሽ ሸምሱ ዞረ።

ጋሽ ሸምሱ ጡረታ የወጣ የባቡር ሠራተኛ ነው፤ ከአባላቱ ሁሉ በዕድሜ ይበልጣል። ሰው ሲናገር አንገቱን ዘንበል አድርጎ እስከ መጨረሻው ይሰማል፤ ራሱ የሚናገረው ግን ከስንት አንዴ ነው። ኢክራምን ከቀበረ ወዲህ ደግሞ ጭራሽ ዝም ብሎ ነበር። በዚያ ስብሰባ ላይ መንገዱ እንዲያጥር ከማንም በላይ የሚፈልገው እሱ እንደሆነ ሁሉም ያውቃል።

«ረውዳ» አለ፣ «ሴትዮዋ ምክንያቷን ነግራሻለች?»

«ነግራኛለች።»

«ሰምተሽ ስታበቂ፣ እንቢ ማለቷ ልክ ነው ብለሻል?»

«ብያለሁ።»

ሸምሱ እጆቹን አየ። «ኢክራም በነጋታው ብወስደው ምንም ለማልሆንበት ኪኒን ነው የወጣችው። ሰው ቤት ውስጥ የሚሸከመውን ውጭ ያለ አያውቅም። እኔም እዚያው ተኝቼ አላወቅኩም።» ቀና አለ። «እኔ ምክንያቱን መስማት አያስፈልገኝም። አዳራሹን እናፍርስ።»

እጅ አወጡ። ናሆም ከሁሉም ዘግይቶ ነው ያወጣው። «ጣሪያው ግን ይትረፍልኝ» አለ፤ በነጋታው ንድፉን አስተካክሎ መጣ።

የጥላው መንገድ ግንቦት ከመግባቱ በፊት ተከፈተ። ከውጭ ለሚመጣ ሰው አካሄዱ ግራ ያጋባል። ወደ ሥራ የሚሄድ ሰው በአንዱ ጓሮ ዶሮ ሲታረድ አይቶ፣ በሁለተኛው ሕፃን ሲታጠብ አልፎ፣ በሦስተኛው የባልና ሚስት ክርክር መሃል ገብቶ ምስክር እንዲሆን ተጠይቆ ነው የሚደርሰው። ከላይ ሸራው እንደ መርከብ ሸራ ይርገበገባል፤ ቧንቧው ፍስስስ ይላል፤ ጉሙ ቅንድብ ላይ ጠብታ ይሠራል። አህዮች ጭነታቸውን ይዘው በሰው ሳሎን ጥግ ያልፋሉ። ሰዎች ከቤታቸው ሳይወጡ የማያውቁትን ሰው ሁሉ አወቁ። ያ ግንቦት ካለፈው ይብስ ነበር፤ ሆኖም ሜዳው ላይ የወደቀ ሰው አልነበረም።

ምክር ቤቱም አዳራሽ አጥቶ መንገዱ ላይ መሰብሰብ ጀመረ። በተረፈው የአዳራሹ ጣሪያ ሥር፣ ከወለላ የጓሮ ግንብ ጥግ፣ አግዳሚ ወንበሮች ደረደሩ። ከዚያ ወዲህ ምስጢራዊ ስብሰባ የሚባል ነገር ቀረ። ስለ ውሃ ሲነጋገሩ ከገበያ የምትመለስ ሴት ዘንቢሏን አስቀምጣ ሐሳብ ትሰጣለች። ስለ ቆሻሻ ሲነጋገሩ አንድ ባለ ጋሪ «ይሄን እኔ ልንገራችሁ» ብሎ ይቀመጣል። ረውዳ መጀመሪያ ተናደደች፤ ቀጥላ ለመንገደኞቹ ሦስት ተጨማሪ ወንበር አስመጣች። እቅዱ ላይ ያልነበሩ ብዙ ነገሮች የታሰቡት በዚያ ዓይነት ነው፤ የአህዮቹ ውሃ ገንዳ፣ ዓይነ ስውራን ይዘውት የሚሄዱት ገመድ፣ ለነፍሰ ጡሮች በየመሃሉ ማረፊያ።

ከግንቡ ማዶ ያለው ሰው ይህን ሁሉ ይሰማ እንደነበር ማንም አላሰበም። ረውዳ እንኳ ሥራ በዝቶባት ረስታው ነበር።

ግንቦት እየተጋመሰ ሳለ፣ ከሁሉም የከፋው ቀን መጣ። ዝግ ሰዓቱ ማለዳ አንድ ሰዓት ላይ ታወጀ። ወፎች የጉም ቧንቧው ላይ ተደርድረው ሰው ቢጠጋቸውም አልበረሩም። መንገዱ በሰው ተሞልቶ ነበር፤ ቤታቸው የጋለባቸው ሁሉ ትራሳቸውን ይዘው ወጥተው ግራና ቀኝ ተቀምጠዋል። ምክር ቤቱ ውሃውን ለጉሙ ወይስ ለመጠጥ በሚለው ላይ እየተከራከረ ነበር።

«ረውዳ» የሚል ድምፅ ከግንቡ ማዶ ተሰማ።

ሁሉም ወደ ግንቡ ዞረ። ድምፁ ዝግ ያለ፣ የወንድ፣ ለመጮህ ያልለመደ ነበር።

«ረውዳ አህመድኑር። ወለላ ወድቃለች። አምባሩ ይጮሃል።»

«ማነው እሱ?» አለ ናሆም። ረውዳ እጇን አንሥታ ዝም አሰኘችው፤ ወደ ግንቡ ሄዳ ግንባሯን አስጠጋች።

«ክንፈ፣ ሰምቼሃለሁ። ትተነፍሳለች?»

«ትተነፍሳለች። ስጠራት ግን አትመልስልኝም። ማቀዝቀዣውን እኔ ክፍል አድርጋው ነው፤ እሷ ስትሰፋ ነበር።»

«የምንገባበትን ንገረኝ።»

የአምባሩ ጩኸት ከማዶ በቀጭኑ ይሰማል።

«ብዙ ሰው አይግባ» አለ ክንፈ። «ሸምሱ ይግባ። ሸምሱ ሰው ሲናገር አያቋርጥም።»

ጋሽ ሸምሱ ቀድሞ ተነሥቶ ነበር። ሽርጡን ከፍ አድርጎ አሰረ፤ ሸራውን የሚወጥሩት ሠራተኞች መሰላል አመጡለት። ወጣ፤ ግንቡ ላይ ተቀምጦ እግሩን አሻገረ፤ ወደ ማዶ ወረደ።

ግቢው ትንሽ፣ የተጠረገ፣ ሰማዩ ነጭ ነው። አንድ ረዥም ሰው ፊቱን ወደ ጥግ፣ ጀርባውን ለእሱ ሰጥቶ ቆሟል። ሸምሱ ወደ መሬት አየ።

«ሸምሱ ነኝ» አለ። «አላይህም። የት ናት?»

«በስተግራ። የስፌት መኪናው ሥር።»

ወለላ በጎኗ ወድቃ ነበር፤ ፊቷ ቀልቷል፣ ቆዳዋ ደርቋል። ሸምሱ ውሃ አፈሰሰባት፤ ስሟን ጠራት፤ አልሰማችም። በፊት በር ቢያወጧት ፀሐዩ ነው፤ ዙሪያውን መሄድ ይጠይቃል። ግንቡን አሻግሮ ማንሣትም አይቻልም። ጤና ጣቢያው ግን ከግንቡ ጀርባ፣ በጥላው መንገድ፣ እጅግ ቅርብ ነው።

«ልጄ» አለ ሸምሱ ወደ ግቢው ተመልሶ፣ አሁንም መሬት መሬት እያየ። «ግንቡን መክፈት አለብን። ግንቡ የአንተና የእሷ ነው። እሷ አሁን አትናገርም። አንተ ተናገር።»

አምባሩ ይጮሃል። ሸምሱ ባለፈው ዓመት ሜዳው መሃል የተገኘችውን ሚስቱን ያላሰበበት ቀን የለም፤ በዚያች ቅጽበት ምን እንዳሰበ በኋላም ለማንም አልተናገረም። ግን «ፍጠን» አላለም። ወደ ግንቡም አልሄደም። ቆሞ ጠበቀ።

«ይከፈት» አለ ክንፈ። «ከበር አይስፋ። ሰዎቹ ግን አይዩኝ። አብሬያት ነው የምሄደው። አይዩኝ።»

ሸምሱ ድምፁን ከፍ አድርጎ የተባለውን ቃል በቃል ወደ ማዶ ተናገረ።

መንገዱ ላይ በትንሹ ሁለት መቶ ሰው ነበር። ብዙዎቹ የሰሙትን ገና አልተረዱትም፤ ወለላ ወንድም እንዳላት ያወቁት በዚያች ደቂቃ ነው። ረውዳ ወደነሱ ዞረች። ሃያ ዓመት ስታሳምን የኖረች ሴት በዚያን ቀን የማሳመኛ ቃል አላወጣችም።

«ሰምታችኋል» ብቻ አለች። እሷ ራሷ ቀድማ ፊቷን ወደ ተቃራኒው ግንብ አዞረች።

ከአጠገቧ ያለችው ሴት ዞረች። ከዚያ የሷ ቀጣይ። ተቀምጠው የነበሩት ተነሡና ዞሩ። እናቶች ሕፃናትን ወደ ደረታቸው አስጠጉ። ባለ ጋሪው የአህያውን አንገት ይዞ አህያውን ሳይቀር አዞረው፤ ማንም አልሳቀም። ቃሉ ከጓሮ ወደ ጓሮ፣ ከአፍ ወደ አፍ በሹክሹክታ ሄደ፤ እስከ ጤና ጣቢያው በር ድረስ ያለው ሰው ሁሉ ፊቱን ወደ ግንብ ሰጠ።

ናሆም ዓይኑን መሬት ላይ ተክሎ ብሎኬቱን በመዶሻ መታ። ረድፍ በረድፍ እስከ መሬት ወረደ። በተባለው ልክ አንድ ሰው የሚያሳልፍ ቀዳዳ ሆነ፤ ጨርሶ እሱም ዞረ።

ሸምሱ በትከሻዋ፣ ክንፈ በእግሯ በኩል ይዘዋት በሸራ ላይ አስተኝተው ወጡ። ክንፈ ራሱን በነጠላዋ ተከናንቦ ነበር። ከአሥር ዓመት በላይ ከዚያ ግቢ ያልወጣው ሰው፣ ቀና ሲል ያየው ጀርባ ብቻ ነበር። የሸሚዝ ጀርባ፣ የሽርጥ ጀርባ፣ የሻሽ ጀርባ፣ በላብ የረጠቡ፣ ዝም ያሉ፣ በግራና በቀኝ እስከ መንገዱ መታጠፊያ የተሰለፉ ጀርባዎች። አንድ ሰው አልሳለም። የሚሰማው የጉሙ ቧንቧ፣ አምባሩና የሁለቱ ሰዎች ኮቴ ነበር።

«ደረስን?» አለ ክንፈ አንዴ።

«ደርሰናል» አለ ሸምሱ። «ትንሽ ነው የቀረን።»

ወለላ ዳነች። ሐኪሟ ትንሽ ቢዘገዩ ኖሮ ሌላ ነገር ነበር የምናወራው ብላለች። ግሉኮስ ተደርጎላት፣ በበረዶ ጨርቅ ተጠቅልላ፣ ከሰዓት በኋላ ዓይኗን ስትገልጥ፣ ክንፈ የመድኃኒት ዕቃ ቤት ውስጥ በሩ ገርበብ ብሎ ተቀምጦ ነበር። ሸምሱ ከበሩ ውጭ መሬት ላይ ተቀምጧል። «ነቅታለች» ሲለው ብቻ ክንፈ አለቀሰ። አመሻሽ ላይ በዚያው መንገድ፣ ሰዉ እንደገና ዞሮለት፣ ሸምሱ ወደ ቤቱ መለሰው።

በነጋታው ምክር ቤቱ ተቀመጠ። ግንቡ ተበስቷል። መንገዱን በዚያ ቀጥ አድርጎ ማሳለፍ እንደ መጀመሪያው ንድፍ ይሆን ነበር፤ አዳራሹም ግንቡ ተመልሶለት ቅዝቃዜ ይይዝ ነበር። ይህ በሁሉም ሐሳብ ውስጥ አልፎ መሆን አለበት። ማንም አላነሣውም። ናሆም ብሎኬትና ሲሚንቶ አዘጋጅቻለሁ፣ ወለላ ስትመለስ እንደፍነዋለን አለ፤ ወደ ውሃው ጉዳይ ተመለሱ። ረውዳ ከሱቋ ወፍራም ሰማያዊ ጨርቅ አምጥታ ቀዳዳው ላይ ሰቀለች፤ ለጊዜው ብላ።

ወለላ በሦስተኛው ቀን በእግሯ ተመለሰች። መንገዱ ላይ የሚያውቋት «እንኳን ተረፍሽ» አሏት፤ ስለ ወንድሟ የጠየቃት የለም። ልቧ ግን አልረጋም። ለዓመታት የፈራችው ነገር ሁሉ በአንድ ቀን ደርሷል፤ እሷ ተኝታ ነበር። ክንፈ አልጋ ሥር ተኮራምቶ እንደምታገኘው እርግጠኛ ነበረች። ሰማያዊውን ጨርቅ ገለጥ አድርጋ ገባች።

ክንፈና ሸምሱ ግቢው ውስጥ ጀርባ ለጀርባ ተቀምጠው ሀብሀብ እየበሉ ነበር። ሸምሱ ፍሬውን ወደ አንድ ጎን፣ ክንፈ ወደ ሌላው ይተፉታል።

«በልተሃል?» አለች፤ ሌላ የምትለው ጠፍቷት።

«በላን» አለ ክንፈ።

«ናሆም ግንቡን ሊደፍነው ነው። ዛሬ ይመጣል።»

ክንፈ አሰበ። «አይድፈነው። በር ያድርግበት። መሸጎሪያው በእኔ በኩል።»

«ሰው ቢመጣስ?»

«ሸምሱ አንኳኩቶ ነው የገባው።»

ወለላ ግድግዳውን ተደግፋ ቆመች። ምን እንደምትሠራ አላወቀችም። ሸራው ያልጨረሰችው እንዳለ ትዝ አላት፤ ወደ ስፌት መኪናው አመራች። ክንፈ በእጁ ከለከላት።

«ሐኪሟ ለሳምንት አትሰፋም ብላለች። ሸምሱ ነግሮኛል።»

«ታዲያ ምን ልሥራ?»

«እኔ እንጃ» አለ ክንፈ። «እኔ ጤና ጣቢያው ድረስ ብቻ ነው የሄድኩት። ከዚያ ወዲያ መጋላ ድረስ ይሄዳል ሲሉ ሰምቻለሁ። ሂጂና እይው።»

«አንተስ?»

«ሸምሱ አለ።» ሸምሱ አንድ ቁራጭ ሀብሀብ ወደ ኋላው አቀበለው።

ወለላ በቀዳዳው ወጣች። መጀመሪያ እንደ ልማዷ ፈጠነች፤ ለዓመታት ከቤት ስትወጣ ሁሉ ለመመለስ እየሮጠች ነበር። የተጋቢዎቹን ጓሮ አለፈች። ልብስ የምትሰጣዋን ሴት አለፈች፤ «ቅቤ የመሰለ አንሶላ» አለቻት፤ ሴትዮዋ «ይሄውላችሁ፣ ጀመራችሁ!» ብላ ሳቀች። እራሷ የሰፋችውን ሸራ ከታች ወደ ላይ አየችው፤ ብርሃኑን አሳልፎ የማር ቀለም ይዟል። ጤና ጣቢያውን አለፈች። ከዚያ ወዲያ የነበረውን የመንገዱን ክፍል ረግጣው አታውቅም ነበር። ዕርምጃዋ ሳታውቀው ቀስ አለ።

መጋላ ጋ ሸራው ያበቃል። ገበያው ተዘግቷል፤ ከጥላው ማዶ ያለው አደባባይ በፀሐይ ነጭ ሆኗል። ከተዘጉት ሱቆች የቅመምና የጨርቅ ሽታ እስከ ጥላው ጫፍ ይመጣል። ከተቀመጡት ሰዎች አንዷ ጠጋ ብላ ቦታ ለቀቀችላት። ወለላ ተቀመጠች። አንዲት ልጅ የማን ነሽ፣ ከየት ነው የመጣሽው ብላ ጠየቀቻት። ከገንደ ሚስማር፣ ከአዳራሹ አጠገብ ነኝ አለቻት፤ ወንድሜና እኔ ነን የምንኖረው አለቻት። ምንም ሳትገዛ፣ ማንንም ሳትጠብቅ፣ ቀዩ መብራት እስኪጠፋ እዚያው ተቀመጠች።